«ሽማግሌው»ና የአየሩ ጫጫታ

በትርፍ ጊዜያቸው በራዲዮ የሚነጋገሩ አሜሪካውያን አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች በአየር ሲገናኙ አንዱ ሌላውን «ሽማግሌው» ብሎ ይጠራዋል። ተጠሪው የ70 ዓመት ጡረተኛ ይሁን፣ ወይም ፈቃዱን ትናንት የተቀበለ የ15 ዓመት ተማሪ፣ ለውጥ የለውም፤ ሁለቱም «ሽማግሌው» ናቸው። በሞርስ ምልክት ሲጻጻፉም የእንግሊዝኛውን ሁለት ቃላት መነሻ ፊደሎች ብቻ ወስደው «ኦ ኤም» ይላሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ መባል በዕድሜ፣ በአስታራቂነትና በተሰሚነት የሚገኝ ማዕረግ ስለሆነ፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ በዚህ ስም ሲጠራ መስማት ያስቃል። በእነሱ ዘንድ ግን ቃሉ «ወዳጄ» ከማለት ብዙም የራቀ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንዱ ግን በእርግጥ ሽማግሌ ነበረ፤ ቢያንስ ራሱን እንደዚያ አድርጎ ያቀርብ ነበር። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1917 ዓ. ም. ጀምሮ (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአማተሮች መጽሔት ላይ «ሽማግሌው» በሚል የብዕር ስም እየጻፈ፣ ስለ አየሩ ጫጫታና ስለ ሰዎች ጠባይ ሲያማርር ኖሯል። የብዙዎቹ ጽሑፎቹ ርእስ «የበሰበሰ» በሚል ቃል ይጀምር ነበር። አንባቢዎቹ ይህ ነጭናጫ ሰው ማን ይሆን እያሉ ሲገምቱ ቆይተው፣ ምስጢሩ ይፋ የሆነው ጸሐፊው በ1936 ዓ. ም. ከሞተ በኋላ ነው። ሰውየው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ይባል ነበር፤ እርሱም የዚያው የአማተሮች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረ።

ስለ ሽማግሌ ምሬት ማንበብ ምን ይጠቅመናል የሚል ተማሪ አይጠፋም። ለዚህ ያለን መልስ የዚህ ሽማግሌ ምሬት ከንቱ ምሬት አልነበረም የሚል ነው። እርሱ የሚያማርርበት ነገር ሳይታረም ቢቀር ኖሮ፣ ወጣቶቹ በእጃቸው የነበረውን ነገር ከነጭራሹ ሊያጡት ተቃርበው ነበር። እንዴት እንደሆነ በተራው እንናገራለን።

ማክሲም የሚለው ስም ለአፍሪካ ሰው እንግዳ አይደለም። አባትየው ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም በ1884 ዓ. ም. በለንደን ከተማ፣ በገዛ ግፊቱ ጥይት እየጎረሰ የሚተኩስ መትረየስ የሠራው ሰው ነው። ይኸው መሣሪያ በ1893 ዓ. ም. በማታቤሌ አገር፣ በ1898 ዓ. ም. ደግሞ በሱዳን በኦምዱርማን ጦር ሜዳ የብዙ ሺ ሰው ሕይወት ካጠፉት መሣሪያዎች አንዱ ነው። አባትየው ልጁ 12 ዓመት ገደማ ሳለ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በዚያው ቀረ፤ በኋላም የእንግሊዝ ዜጋ ሆኖ «ሰር» የሚል ማዕረግ አገኘ። በስተርጅናው ጆሮው ፈጽሞ ደነቆረ፤ ለዚህም የመትረየሱ ጩኸት ምክንያት ነው ይባላል።

ልጁ በ1869 ዓ. ም. በብሩክሊን ተወልዶ፣ ገና በ16 ዓመቱ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመረቀ። ከዚያም በኮኔቲከት ወደምትገኘው ወደ ሃርትፎርድ ከተማ ሄዶ፣ በአንድ የቢስክሌት ፋብሪካ ውስጥ ፈረስ የማይስበው ሠረገላ ይሠራ ጀመር። አውቶሞቢል የሚለው ቃል እንኳ በሕዝቡ አፍ ገና አልተለመደም ነበር። በ1909 ዓ. ም. ደግሞ የጠመንጃን ድምፅ የሚያፍን መሣሪያ በስሙ አስመዘገበ። አባት ያጮኸውን ልጅ ጸጥ አሰኘው ማለት ነው። ኩባንያው እየዋለ እያደረ ጠመንጃውን ትቶ የሞተርንና የፋብሪካን ጩኸት ወደ መቀነስ ሥራ ዞረ። የሰውየውን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የተመለከተ፣ ከጫጫታ ጋር ትልቅ ጠብ ነበረው ቢል ያጋነነ አይመስለንም።

ከመደበኛ ሥራው ውጭ ያልነካካው ነገር አልነበረም። በእጁ የፊልም ካሜራ ይዞ ይቀርፅ ነበር፤ በ1926 ዓ. ም. የአማተር ፊልም ሠሪዎችን ማኅበር መሠረተ። ስለ ከዋክብትና በሌሎች ዓለማት ሕይወት ይኖር እንደሆነ መጽሐፍ ጻፈ። ስለ አባቱም ምሬት የሌለበት፣ ይልቁንም ሳቅ የሚያጭር መጽሐፍ ጽፏል። ከሁሉም በላይ የወደደው ግን ራዲዮን ነበር።

በ1914 ዓ. ም. አንድ ምሽት ማክሲም ሃርትፎርድ ሆኖ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ስፕሪንግፊልድ መልእክት ለመላክ ሞከረ። እዚያ ያለው አማተር ሊሸጥለት የሚችል የራዲዮ አምፑል ነበረው። መልእክቱ አልደርስ አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ዊንዘር ሎክስ በምትባል ቦታ የሚኖር ሌላ አማተር እንዳለ አስታውሶ በእርሱ በኩል ቢያስተላልፍ ደረሰለት። ነገሩ ቀላል ነው፤ በአገራችን ከተራራ ወደ ተራራ እየተጠራራ ወሬ የሚያደርስ የገጠር ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማክሲም ግን ከዚህ ትንሽ ነገር ትልቅ አሳብ አወጣ። ከከተማ ወደ ከተማ እየተቀባበሉ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኙ አማተሮች ቢደራጁስ? በዚያው ዓመት፣ ገና 20 ዓመት ካልሞላው ከክላረንስ ተስካ ጋር ሆኖ የአሜሪካን የራዲዮ ቅብብል ማኅበር መሠረተ። በታኅሣሥ 1915 ዓ. ም. መጽሔታቸው ወጣ። የ45 ዓመት ጎልማሳና አንድ ወጣት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እኩል ተቀምጠው የሠሩት ሥራ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የዚያን ዘመን ራዲዮ ካላወቅን ሽማግሌው ለምን እንደሚጮህ አይገባንም። አማተሮቹ የሚጠቀሙበት ማስተላለፊያ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። ብልጭታው እንደ ዛሬው መሣሪያ ቀጭን መሥመር ይዞ አይሄድም፤ ወዲያና ወዲህ ተርፎ የሰውን ሁሉ መሥመር ይወርራል። አንድ ሰው ሲልክ በአካባቢው ያለ ሁሉ ዝም ብሎ መጠበቅ ነበረበት። በዚህ ላይ ቲታኒክ የተባለችው መርከብ ከሰጠመች በኋላ በዚያው በ1912 ዓ. ም. የወጣው ሕግ አማተሮቹን 200 ሜትርና ከዚያ ባነሰ ሞገድ ላይ ብቻ እንዲወሰኑ አደረጋቸው። በጊዜው የነበሩ ሊቃውንት ራቅ ወዳለ ቦታ የሚሄደው ረጅም ሞገድ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ለአማተሮቹ የተተወላቸው ከማዕድ የወደቀ ፍርፋሪ ነበር ማለት ይቻላል። ይህንኑ ፍርፋሪ በሺ የሚቆጠሩ ልጆች በአንድነት ተሻሙበት።

እንግዲህ «ሽማግሌው» ብዕሩን ያነሣው በዚህ ጊዜ ነው። የምሬቱ ፍሬ ነገር ቢጨመቅ አንድ ነው፤ ሁሉም ይናገራል፣ የሚሰማ ግን የለም። አንዱ ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ምልክት ለመያዝ ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥ፣ ሌላው አየሩ ባዶ መሆኑን እንኳ ሳይመረምር «ማን አለ? ማን አለ?» እያለ ያለ ማቋረጥ ይጠራል። ጠርቶ ጠርቶም መልስ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ እንደገና ይጠራል። ሌላው በእጁ ሳይሠለጥን በጥድፊያ እየላከ ፊደሎቹን ያንጋድዳል። ሌላው ደግሞ ብዙ ኃይል ያለው መሣሪያ ስለገዛ ብቻ ተራ መጠበቅ የማይገባው ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን መደናቀፍ አማተሮች እስከ ዛሬ ድረስ በቴሌግራፍ አጭር ምልክት «ኪው አር ኤም» ይሉታል።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ የጻፈው ግን በምክር መልክ አይደለም። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ በስሙ ተግሣጽ ቢጽፍ ኖሮ፣ ወጣቱ እንደማንኛውም የአለቃ ማስታወቂያ ከግድግዳው ላይ አይቶ ያልፈው ነበር። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ ማክሲም የተበሳጨ ሽማግሌ ፈጥሮ ወጣቶቹ በሽማግሌው እየሳቁ በራሳቸው እንዲስቁ አደረጋቸው። «ዉፍ ሆንግ» የሚባል ትርጉሙ የማይታወቅ አስፈሪ የመቅጫ መሣሪያም አመጣ። ጥፋተኛ አማተር በዚህ መሣሪያ እንደሚቀጣ ብቻ እንጂ እንዴት እንደሚቀጣ አይናገርም ነበር። በ1919 ዓ. ም. ሽማግሌው መሣሪያውን ራሱን ለማኅበሩ ልኮ፣ ተከፍቶ ሲታይ በሽቦ የታሰሩ ሁለት ጠማማ እንጨቶች ሆነው ተገኙ። የማኅበሩ ሹማምንት ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው በክብር ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ወሰኑ። እኛ እንደሚመስለን፣ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቁት አይጎዳም።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። በሚያዝያ 1917 ዓ. ም. አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ መንግሥት የአማተሮች ጣቢያ ሁሉ እንዲዘጋ፣ አንቴናውም እንዲወርድ አዘዘ። ማንም አልተቃወመም። በሺ የሚቆጠሩት ወጣቶች ወደ ጦሩ ገብተው፣ በትርፍ ጊዜያቸው የተማሩትን የቴሌግራፍ ሥራ ለአገራቸው አዋሉ። ጦርነቱ በኅዳር 1918 ዓ. ም. ሲያበቃ ግን አየሩ አልተከፈተም። ይልቁንም የባሕር ኃይሉ ሚኒስቴር ራዲዮን በሙሉ በእጁ የሚያደርግ የሕግ ረቂቅ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ቀረበ። ሚኒስትሩ ጆሴፈስ ዳንኤልስ ያቀረቡት ምክንያት፣ አየር ለብዙ እጅ ተከፋፍሎ ሳይደናቀፍ ሊሠራበት የሚችል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ እጅ መግባት አለበት የሚል ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ክርክር ከሽማግሌው ምሬት ጋር አስተያየው። ሽማግሌው አየሩ በጫጫታ ተበላሸ ይል ነበር፤ ሚኒስትሩም የሚሉት ይህንኑ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት መድኃኒቱ ላይ ነው። ሚኒስትሩ ጫጫታውን ለማጥፋት ተናጋሪዎቹን ማስወጣት ይሻላል አሉ። ሽማግሌው ደግሞ ተናጋሪዎቹ መስማት ይማሩ አለ። ማክሲም ወደ ዋሺንግተን ወርዶ በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቆሞ ተከራከረ። ማኅበሩ ለአባሎቹና ለወላጆቻቸው ደብዳቤ በትኖ፣ እነሱም በፈንታቸው ለየእንደራሴዎቻቸው ጻፉ። ረቂቁ በጥር 1919 ዓ. ም. ሳይጸድቅ ወደ ጎን ተደረገ፤ አማተሮቹም በዚያው ዓመት መጸው እንደገና እንዲያስተላልፉ ተፈቀደላቸው።

በዚህ ነገር ላይ የራሳችንን አስተያየት እንጨምር። የሚኒስትሩ ክርክር የሞኝ ክርክር አልነበረም። በባሕር ላይ ያለች መርከብ ድረሱልኝ ስትል የአንድ ጎረምሳ ብልጭታ ድምፅዋን ቢሸፍነው የሚጠፋው የሰው ነፍስ ነው። መብት አለን ብለው ብቻ ቢጮኹ አማተሮቹ የሚረቱ አይመስለንም። የረቱበት ምክንያት በአንድ በኩል በጦርነቱ ጊዜ የሠሩት አገልግሎት ሲሆን፣ በሌላው በኩል ራሳቸውን የሚገሥጽ ሽማግሌ ከመካከላቸው ስለነበራቸው ነው። አለቃ ሳይመጣባቸው እርስ በርሳቸው ሥርዓት ማበጀት የጀመሩ ሰዎች፣ አለቃው በመጣ ጊዜ የሚያሳዩት ነገር ነበራቸው።

ፍርፋሪ የተባለው አጭር ሞገድም ብዙ ሳይቆይ ጉድ አሳየ። በታኅሣሥ 1921 ዓ. ም. ከኮኔቲከት የተላከ የአማተሮች ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ በስኮትላንድ ተሰማ። በኅዳር 1923 ዓ. ም. ደግሞ የኮኔቲከት አማተሮች ኒስ ከተማ ከሚኖረው ከፈረንሳዊው ከሌዮን ዴሎይ ጋር፣ 110 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ፣ እየተመላለሱ ተነጋገሩ። ሊቃውንቱ የማይረባ ነው ብለው ለልጆች የጣሉት ሞገድ፣ ዓለምን የሚዞር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ መንግሥታትና ኩባንያዎች እየተሽቀዳደሙ መጡበት።

በ1928 ዓ. ም. ፖል ሲጋል የተባለ ጠበቃ የአማተር ሰው ጠባይ ምን መምሰል እንዳለበት በስድስት አንቀጽ ጻፈ። ከስድስቱ አንዱን ብቻ እናንሣ። አማተር ራዲዮን ያገለግላል እንጂ ራዲዮ ጌታው አይሆንም፤ ለቤቱ፣ ለሥራው፣ ለትምህርቱና ለጎረቤቱ የሚገባውን ጊዜ አይሰርቅበትም ይላል አሳቡ። ያን ጊዜ የተጻፈው ስለ ሽቦና ስለ አምፑል ነው። ዛሬ በእጁ ስልክ ይዞ ሌሊቱን የሚያነጋ ተማሪ ቢያነበው ግን ስለ ራሱ የተጻፈ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዛሬዎቹ ሽማግሌዎች እንለፍ። በአሜሪካ የራዲዮ አማተርነት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከ700,000 በላይ ናቸው። ፈቃዱ የሚገኘው በፈተና ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ 35 ጥያቄ አለው። ከ2007 ዓ. ም. ጀምሮ የሞርስ ምልክት ማወቅ ግዴታ አይደለም። ከፈቃዱ ጋር የሚመጣው ሕግ ግን ጥብቅ ነው። አማተር በአየር ላይ ዘፈን አያሰማም፤ ለሚናገረው ነገር ገንዘብ አይቀበልም፤ ጸያፍ ቃል አይናገርም፤ ሌላ ሰው እንዳይገባው በምስጢር ቋንቋ አይነጋገርም። ከሁሉም የምንወደው ደግሞ፣ በሚነጋገርበት ጊዜ ቢያንስ በየ10 ደቂቃው፣ ንግግሩንም ሲጨርስ፣ መንግሥት የሰጠውን የጥሪ ምልክት መናገር አለበት የሚለውን ነው። ምልክቱን የሰማ ሰው ከመንግሥት መዝገብ ላይ የባለቤቱን ስምና አድራሻ ማየት ይችላል። ስለዚህ አንድ አማተር ስለ ኑሮ ውድነት ቢያማርር፣ ፕሬዚዳንቱን ቢያሞግስ ወይም ቢነቅፍ፣ ማን ነው ያለው የሚል ጥያቄ አይነሣም። ስሙንና ቤቱን አስቀድሞ ሰጥቷል።

እነዚህ ሰዎች ማታ ማታ 75 ሜትር በሚሉት ሞገድ ላይ ይሰበሰባሉ። በምሥራቅ አሜሪካ ክረምት ባልሆነበት ወራት ከምሽቱ 8 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዛሬ በየአገሩ ያሉ መቀበያዎች በኢንተርኔት ስለሚደመጡ፣ እንቅልፍ የነሣው ሰው እዚህ ሆኖ ሊሰማቸው ይችላል። ወሬያቸው በአየር ሁኔታ ይጀምራል፤ የዘነበውን፣ የበረደውን በዝርዝር ይናገራሉ። ቀጥሎ አንቴና ይመጣል። ከአንቴናው ወደ ሐኪም ይሻገራሉ፤ የጉልበት ቀዶ ጥገና፣ የደም ግፊት፣ የመድኃኒት ዋጋ። ከመድኃኒት ዋጋ ወደ መንግሥት ያለው መንገድ ደግሞ አጭር ነው። ዱሮ በገዛ እጃቸው የጠገኑት መኪና ዛሬ ክዳኑን ከፍተው ቢያዩት የማይገባ ሆኗል ይላሉ። እንዲህ ያለውን የማያልቅ ወሬ ራሳቸው «ጨርቅ ማኘክ» ይሉታል፤ ማኅበራቸውም አንድ ግማሽ ሰዓት ሳያቋርጥ ላወራ ሰው የወረቀት ማስረጃ ይሰጥ ነበር።

ወሬው ተራ ነው፤ አካሄዱ ግን ልዩ ነው። በአንድ ሞገድ ላይ የሚነጋገር ሰው መናገሪያውን ሲጫን የራሱ መቀበያ ይዘጋል። ስለዚህ የሌላውን ንግግር መሀል ገብቶ ሊያቋርጥ አይችልም፤ ቢሞክርም ሁለቱም አይሰሙም። አምስት ሰዎች ቢሆኑ በተራ ይዞራል። የአምስተኛው ተራ እስኪደርስ ብዙ ደቂቃ ያልፋል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ እርሳስና ወረቀት ይዘው የሌሎቹን ነጥብ ይመዘግባሉ። የተቃዋሚውን ነገር ጽፎ የሚይዘው ቢያንስ ሰምቶታል ማለት ነው። በዱሮው የአገራችን ችሎት በላ ልበልሃ ሲባባሉ፣ ባለጋራ የባለጋራውን ቃል እስከ መጨረሻ ሰምቶ ተራውን ይጠብቅ የነበረበት ሥርዓት ትዝ ይለናል።

ይህን ስንል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ደጋጎች ናቸው ማለታችን አይደለም። ሃይማኖትና ፖለቲካ በአየር ላይ አይነሣ የሚል የቆየ ልማድ አላቸው፤ ልማዱን የሚያፈርሱት ግን ብዙ ናቸው። በዚያው በ75 ሜትር ላይ ጠብ የማይበርድባቸው ማዕዘኖች አሉ፤ ሆን ብሎ የሰውን ንግግር የሚያፍን፣ የጥሪ ምልክቱን የሚደብቅ አይታጣም። መንግሥትም አንዳንዶቹን በገንዘብ ቀጥቷል። ልብ የምንለው ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ስሙን ከደበቀው ሰው መሆኑን ነው።

ከእነዚህ አማተሮች አንዱ ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር ነበሩ። በ1964 ዓ. ም. ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው በሊንደን ጆንሰን የተሸነፉት እኚህ የአሪዞና ሰው፣ በፖለቲካ አሳባቸው ብዙ ሰው ያስቆጡ ነበር። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ግን ቤታቸው ውስጥ የነበረው የራዲዮ ጣቢያ፣ በፈቃደኞች እጅ እየተሠራ፣ የብዙ ሺ ወታደሮችን ድምፅ ከጦር ሜዳ ወደየቤታቸው አድርሷል። ወታደሩ በራዲዮ ይናገራል፤ አማተሩ ራዲዮውን ከስልክ ጋር ያገናኘዋል፤ እናት ወይም ሚስት በስልኩ ትሰማለች። እዚህም ቢሆን ተራ መጠበቅ ግድ ስለሆነ፣ ንግግር ሲያልቅ «ኦቨር» ማለት ያስፈልግ ነበር። ራዲዮ ነክታ የማታውቅ እናት «እወድሃለሁ፣ ኦቨር» ስትል፣ መሐል ላይ የተቀመጠው አማተር የማያውቃቸውን ሰዎች ፍቅር በጆሮው እየሰማ፣ በጣቱ ብቻ ማብሪያውን እያዞረ ይቀመጣል። ወታደሩ ጦርነቱን የሚደግፍ ይሁን የሚቃወም፣ የሚጠይቀው አልነበረም።

ዛሬ የአማተሮቹ ዕድሜ እየገፋ ነው። መንግሥት በ1951 ዓ. ም. ለጀማሪዎች ቀላል ፈቃድ ባወጣ ጊዜ በብዛት የገቡት ጎረምሶች፣ መሣሪያቸውን በካርቶን የሚመጣ ዕቃ ገዝተው በገዛ ብየዳቸው የገጣጠሙት፣ አሁን 80ን አልፈዋል። አማተር ሲሞት ሞተ አይሉትም፤ «ቁልፉ ጸጥ አለ» ይላሉ። በየወሩ የሚወጣው መጽሔታቸው ጸጥ ያሉትን ቁልፎች ስም ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩም ረጅም ነው። ወጣቱ ዓለምን ለማነጋገር አንቴና መስቀል አላስፈለገውም፤ ስልኩ በኪሱ አለ። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ. ም. ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ በፖርቶ ሪኮ የመብራትና የስልክ ምሰሶዎችን በጣለ ጊዜ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል የጠራው እነዚሁኑ ሰዎች ነው። ሃያ ያህል አማተሮች መሣሪያቸውን ተሸክመው ሄደው፣ ደኅና ነን የሚል ወሬ ከደሴቲቱ ለቤተ ዘመድ አደረሱ።

ለእነዚህ ሽማግሌዎች የእኛም አገር እንግዳ አይደለችም። በቀድሞው ጊዜ በአስመራ በነበረው በቃኘው ጣቢያ ያገለግሉ የነበሩ አሜሪካውያን ወታደሮች በትርፍ ሰዓታቸው ወደ አገራቸው ይጣሩ ነበር። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት በ«ኢ ቲ» ፊደሎች ይጀምራል፤ በአየር ላይ የሚሰማው አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ አሜሪካዊው ሽማግሌ ከተኛበት ተነሥቶ የሚያሳድደው ምልክት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም የተቋቋመው የተማሪዎች ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በአየር በወጣ ቁጥር ከብዙ አገር የሚጎርፈውን ጥሪ መገመት አያስቸግርም። ሁሉም በአንድነት ሲጣራ ደግሞ ያው የ1917ቱ ጫጫታ ነው የሚሆነው፤ መቀመጫውን የያዘው ተማሪ ከዚያ ሁሉ መሀል አንድ ምልክት ብቻ ለይቶ፣ ጠርቶ፣ ሰምቶ፣ ወደ ሁለተኛው መሄድ አለበት።

ማክሲም በየካቲት 1936 ዓ. ም. በኮሎራዶ በጉዞ ላይ ሳለ ሞተ። «1 ኤ ደብልዩ» የነበረው የጥሪ ምልክቱ ለማንም አልተሰጠም፤ ከፊቱ «ደብልዩ» ተጨምሮበት ማኅበሩ በኒውንግተን ከተማ በ1938 ዓ. ም. ላቆመው የመታሰቢያ ጣቢያ ሆነ። ጣቢያው በሥራ ቀናት ምሽት ለጀማሪዎች የሞርስ ትምህርት ያስተላልፋል። ቀርፋፋው ትምህርት በደቂቃ አምስት ቃል ብቻ ነው የሚልከው።